ለጨረታ የቀረበችው ታንኳ

እስካለፈው እሑድ ድረስ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼን «ወንድሜ ጎርጎራ ጀልባ ላይ ይሠራል» እያልሁ ስዋሽ ኖሬአለሁ። እሱም ይህን ያውቃል። ያለው ግን እዚሁ ከከተማችን ወጣ ብሎ ዘንዘልማ፣ ወንዶች ከሱስ በሚያገግሙበት ማዕከል ነው። ለሕክምና ወደ ከተማ በባጃጅ ሲመጡ፣ መንገድ ላይ አረቄ ቤት ወርደው የሚቀሩ አሉ፤ ወንድሜም አንድ ቀን እንደዚያ ቀርቷል። እሑድ ታዲያ ለማዕከሉ ሚኒባስ መግዣ ጣና ዳር ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ የሥራ ባልደረባዬ አስቴር ጎትታ ወሰደችኝ።

የማዕከሉ ወንዶች ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የሠሯት፣ ለጌጥ የምትሆን ትንሽ ታንኳ ለጨረታ ቀረበች። እንደ ደንቡ ያሸነፈ ሰው ገንዘቡን በማን ስም እንደሚሰጥ ያስጠራና ታንኳዋን ለሚቀጥለው ተጫራች ይመልሳል። ወንድሜ ከፊት አቀርቅሮ ተቀምጧል፤ እንዳያሳፍረኝ ብሎ አንዴም ወደ እኔ አልዞረም። መቀመጫዬ እሳት ሆነብኝ። ሳላስበው እጄን አንሥቼ ዋጋ ጠራሁ፤ ማንም አልጨመረብኝም።

«በማን ስም ይሁን፣ እህታችን?» አሉ አጫራቹ።

«በወንድሜ በደረጀ ስም። እዚያ ፊት የተቀመጠው ነው።»

አስቴር ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ጎርጎራ ነው አላልሽኝም?»

ደረጀ ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ ራሱ ታንኳዋን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጣት።

«እታለም፣ በዚችስ ጎርጎራ አይደረስም» አለኝ።

ቀድማ የሳቀችው አስቴር ናት። አጫራቹ ታንኳዋን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጣቶቼ ግን አልላቀቅ አሉ።