የቀረችው ጫማና የጋሽ ሸዋአለም ቢላዋ

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ወንበር ያላገኛችሁ ደግሞ ግድግዳውን አትደገፉ፤ ሙጫ አለው። የጋሽ ሸዋአለም ክፍል ውስጥ መሆናችሁን አትርሱ። እዚህ ቤት ተደግፎ ሸሚዙ በደኅና የወጣለት ሠራተኛ አላውቅም።

ከሌላ መሥሪያ ቤት ለመጣችሁ፣ ኤልሳቤጥ እባላለሁ፤ የባህል ማዕከላችን አስጎብኚ ነኝ። ንግግሩ ለእኔ የተሰጠው “አንቺ ማውራት ሥራሽ ነው” ተብሎ ነው። እውነት ነው፣ ሥራዬ ነው። ግን እንግዳ ይሰማኛል፣ ያጨበጭባል፣ ይሄዳል። ዛሬ የምንሸኘው ጋሽ ሸዋአለም ግን ሲያመሰግኑት የጫማውን ጫፍ ነው የሚያየው። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር ጀመረ።

በ1988 ክረምት ነው የመጣው። የዚያን ጊዜ የጂንካን ጭቃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአይሱዙ ላይ ወርዶ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጆንያ ተሸክሞ በራችን ላይ ቆመ። ከጆንያው የቆርቆሮ ጫፍና የሽቦ ጥቅል ብቅ ብሏል። በር ላይ የነበሩት ነፍሳቸውን ይማርና አባባ ዕዝራ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አዩትና፣

“ዛሬ የሚሸጥ ቆርቆሮ የለንም” አሉት።

“ነገስ?”

“ነገም የለም።”

“እሺ አባባ” ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ‘እኔ እኮ የተመደብኩ ባለሙያ ነኝ’ ብሎ ይንጣጣ ነበር። እሱ ሄዶ አልጋ ያዘ። ውስጥ ኃላፊያችን “ያ ሠዓሊ የት ደረሰ?” እያሉ ይንጎራደዳሉ፤ አባባ ዕዝራ ደግሞ “ከአንድ ቆራሌ በቀር የመጣ ሰው የለም ጌታዬ” ይላሉ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ከዚያው ጆንያ የምደባ ደብዳቤውን መዞ ሲያሳያቸው ምን ቢሉት ጥሩ ነው? “ወረቀትም ትገዛለህ እንዴ?”

ከዚያ ቀን በኋላ ስሙ ቆራሌው ሆኖ ቀረ። አልተቀየመም። ደግሞስ ምን ብሎ ይቀየማል? ከቤቱ እስከ ቢሮ ያለችውን አጭር መንገድ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ መጥቶ አያውቅም። ያጎነብሳል፣ ያነሳል፣ በሱሪው ይጠርጋል፣ ኪሱ ይከታል። የጠርሙስ ክዳን፣ የተበጠሰ ጨሌ፣ የቆዳ ቁራጭ፣ የላም ቃጭል። ያንን ሁሉ ከጭቃና ከቀለም ጋር በአንድ ሰሌዳ ላይ ያዋህደውና አንድ ቀን ስትገባ ፊት ሆኖ ያይሃል፤ ከብት ሆኖ ያይሃል። ዲመካ ገበያ ስንሄድ ደኅናውን ቅል ትቶ ሰባራውን ሲለምን ሴቶቹ “ይሄ ሰውዬ ቤቱ ወተት የለም እንዴ?” ይሉ ነበር። በኋላማ ገባቸው፤ ሰባራውን ከደኅናው አስወድደው ጠበቁት።

የማንቆርቆሪያውን ነገር ካልነገርኩ ሹፌራችን ዮሴፍ ይቆጣኛል። ጋሽ ሸዋአለም የቆዳ ሙጫ የሚያፈላው በቢሮው ማንቆርቆሪያ ነበር። አንድ ቀን ኃላፊያችን ሻይ መስሏቸው ቀድተው ጠጡ። አልሞቱም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን የዚያን ሳምንት ስብሰባ እንዳጠረ ታስታውሳላችሁ። ጋሽ ሸዋአለም ምን አለ? “በሙጫው ውስጥ ስኳር ማን ጨመረ?”

እንግዲህ ሳቃችሁ። እኔም እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር።

በ1998 ነሐሴ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ የዳሰነችን መንደሮች ወሰደ። እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁ አላሳምረውም። ሰው ከነከብቱ፣ ከነልጁ ሄደ። ማዕከላችን ብርድ ልብስና ዱቄት ሰብስቦ መኪና ላከ፤ የሄዱት ሹፌራችን ዮሴፍና ጋሽ ሸዋአለም ናቸው። ዮሴፍ ኦሞራቴ ስላደገ ቋንቋውን ያውቃል። ውሃው ሲሸሽ የሰው ዕቃ እሾህ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ ነበር፤ ቅል፣ ጨሌ፣ የልጅ አምባር፣ በርጩማም ትራስም የምትሆነዋ ቦርኮቶ። ጋሽ ሸዋአለም እንደ ልማዱ አነሳ፤ በጆንያ ሞልቶ መጣ።

ከዚያ እዚህ ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ። የበር መዝጊያዎች አጋጥሞ ትልቅ ሰሌዳ ሠራ፤ የወንዙን ጭቃ በሙጫ ለውሶ ቀባውና ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ተከለበት። ስሙን “ውሃው የመለሰው” አለው። እኔ ሥዕል አላውቅም፤ ማስጎብኘት ነው የማውቀው። ይሄ ግን አስጎብኚ አይፈልግም። የዚያ ሁሉ መንደር ዕቃ ጭቃ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያይሃል።

በዓመቱ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ሪባን ተቆረጠ፣ እንግዳ መጣ፣ ለስላሳ ተቀዳ። ከዳሰነችም ሰዎች ተጋብዘው መጡ። ከእነሱ አንዲት ሴት ሰሌዳው ፊት ቆመች። እኛ ሁላችን ትልቁን ሥዕል ነበር የምናየው፤ እሷ አንዲት ቦታ ብቻ ታያለች። ልጅ ወተት የሚጠጣባት ትንሽ ቅል ናት፤ ጎኗ ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋች። ሴትየዋ አንድ ነገር አለች። እንግዶቹ አድናቆት መስሏቸው ፈገግ አሉ። ዮሴፍ ግን አልተረጎመም።

“ምን አለች?” አለው ጋሽ ሸዋአለም።

“ተወው።”

“ምን አለች ዮሴፍ?”

“‘ስፌቱ የእኔ ነው፤ ቅሉ የልጄ ነው’ አለች።”

ልጁ የት እንዳለ የጠየቀ የለም። ጋሽ ሸዋአለም ያቺን ሁልጊዜ የሚይዛትን የቆዳ መቁረጫ ቢላዋ ከኪሱ አወጣ። ኃላፊው “ምን ልታደርግ ነው? እንግዳ አለ እኮ!” ብለው እጁን ያዙት። እጃቸውን ቀስ ብሎ ከላዩ አነሳና በቅሉ ዙሪያ ያለውን ጭቃ ፈለፈለ። አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ሴትየዋ ቅሉን ልብሷ ውስጥ ሸጎጠችና ወጣች። አላመሰገነችም፤ ለምን ታመሰግናለች? ሰሌዳው ላይ የቅሉ ቅርጽ ባዶውን ቀረ።

ወሬው ኦሞራቴ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሰው ይመጣ ጀመር፤ በጭነት መኪና፣ በእግሩ። አንዱ አምባር ያውቃል፣ አንዷ ጨሌ ታውቃለች። ጋሽ ሸዋአለም እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። አንድ ጊዜ አንዱ መጥቶ ያቺን የምታምረዋን ቦርኮቶ የአባቴ ናት አለ። ዮሴፍ በጆሮዬ “ውሸቱን ነው፣ የዚህ ሰውዬ ቤተሰብ ወንዝ ዳር ኖሮ አያውቅም” አለኝ። ለጋሽ ሸዋአለም ነገርኩት። መቁረጡን ሳያቆም “ሞት ያልነካው ሰው ለቦርኮቶ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ አይመጣም” አለኝ። እኔ ቢሆን አልሰጠውም ነበር። ዛሬም አልሰጠውም።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብላችሁት ከሆነ፣ ቆራሌው ማለት ቀረ። ማንም ተነጋግሮ አልተወውም። ሰውየው ከመሬት ማንሳት ስላቆመ ነው። አንድ ነገር ወድቆ ሲያይ ይቆማል፣ “የማን ነው?” ይላል፣ ያልፈዋል። ሌላ ሥራ መሥራቱን አልተወም፤ ግን የሚሠራበትን ቅል ባለቤቷ ፊት ቆሞ ጠይቆ ነው የሚያመጣው።

በ2004 ደግሞ ከትልቅ ከተማ ሰዎች መጡ። ሰሌዳውን ወስደን እናሳያለን፣ ስምህ ይወጣል አሉት። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀዳዳዎቹ ተመልካች ይረብሻሉ፣ ከገበያ ተመሳሳይ ቅልና ጨሌ ገዝተህ ሙላው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ነገር ነው፤ ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማር፣ ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች፣ ደስ ባላት ነበር። ጋሽ ሸዋአለም “አይሆንም፣ የቀረ ሰው አለ” አላቸው። አልገባቸውም። የሌላ ሠዓሊ ሥራ ይዘው ሄዱ።

እኔን ደግሞ እንግዶች “ቀዳዳው ምን ማለት ነው?” እያሉ ሲያስጨንቁኝ ምን ልበላቸው አልኩት። “ባለቤቶቹ ወስደውታል በያቸው” አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የምለው እሱን ነው።

ስለዚህ ነገር ከልቡ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ለእኔ አይደለም። ከዐውደ ርእዩ በኋላ ኦሞራቴ ደርሰው ሲመለሱ መኪና ውስጥ ለዮሴፍ “የሰው ሞት ለቃቅሜ በሙጫ ለጠፍኩት” አለው። ዮሴፍ መኪናውን አቁሞ ጎማ የሚያይ መስሎ ወረደ። ዮሴፍ፣ አትቆጣኝ፤ ዛሬ ካልተነገረ መቼ ይነገራል?

ጋሽ ሸዋአለም፣ ቀና በል፤ ጫማህ የትም አይሄድም። ያን ዕለት ዮሴፍ ሊነግርህ ያቃተውን ልንገርህ። አንተ ባታነሳው ያንን ቅል ምስጥ ይበላው ነበር። ያቺ እናት ልጇን አልቀበረችም፤ የምትቀብረው አላገኘችም። በእጇ የምትይዘው አንድ ነገር ያገኘችው አንተ ስላነሳህ ነው። መለጠፍህ ጥፋት ከሆነ ይሁን፤ ስትቆርጥ አይተንሃል። እኔ ሰው ፊት ሰው ሥራውን ሲያፈርስ፣ ለዚያውም ሪባን በተቆረጠበት ቀን፣ ካንተ በቀር አላየሁም። ለዚህ አመሰግንሃለሁ። እኛ ሁላችን እናመሰግንሃለን። ስለሌላው ጥበብህ የሚያመሰግንህ ሰው ሞልቷል።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ሁላችሁም እንደምታዩት ሰሌዳው ላይ የቀረችው አንዲት ነገር ናት። የልጅ ኮንጎ ጫማ፤ የግራ እግር። የመጣላት ሰው የለም። ጋሽ ሸዋአለም ኩላሊቱን ከታመመ ቆይቷል፤ ሐኪሙ ክትትልህ ልጅህ ጋ፣ አዳማ ይሁን ብሎታል። ልጁ የአብሥራ ልትወስደው ስትመጣ ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። “እስቲ ክረምቱ ይለፍ” ይላታል። “እስቲ በዓሉ ይለፍ” ይላታል። ሲጨንቃት እኔን ‘እስቲ ጠይቂልኝ’ አለችኝ፤ ጠየቅኩት።

“ሰው ቢመጣስ ኤልሲ?” አለኝ። “ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?”

መጦሪያ ዕድሜህ ደርሶ እንኳ እዚሁ ልትሞት ነበር ያሰብከው፤ ለአንዲት ጫማ። ልቆጣህ ነበር። አልቻልኩም።

እውነቱን እንነጋገር። የጫማዋን ባለቤት፣ ያን ልጅ የሚፈልግ ሰው ላይኖር ይችላል። እናትም አባትም አብረው ሄደው ይሆናል፤ ለዚህ ይሆናል እስካሁን ያልመጡት። እኔም አውቃለሁ፣ አንተም ታውቃለህ፣ ዮሴፍ ከሁላችንም በላይ ያውቃል። ቢሆንም አንድ አክስት ትኖር ይሆናል። አንድ ወንድም ኬንያ ድንበር ተሻግሮ ከብት ሲጠብቅ የኖረ ይኖር ይሆናል። አንድ ቀን ይሰማና ይመጣ ይሆናል።

ይህ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ይፈለጋል ተብሏል፤ እኛ ልናስቀረው አልቻልንም። ሰሌዳው ግን አይጣልም። ግድግዳ የለም ተብለን ነበር፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ግድግዳ ተገኘ። መግቢያው ላይ፣ ከእኔ ወንበር ፊት ለፊት ይሰቀላል። የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ዮሴፍ ይተረጉማል። እኔ ስወጣ ደግሞ ለሚተካኝ እነግራለሁ፤ ባዶውን የሚሞላ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።

በሽኝት ላይ ለተሸኚ ስጦታ ይሰጣል። ጋቢው እዚያ ተቀምጧል፤ ትወስደዋለህ። እኔ ግን ዛሬ ካንተ ልቀበል ነው የቆምኩት። ቢላዋውን ስጠኝ። እኔ ከቆዳና ከጭቃ የምፈለፍለው ነገር አላውቅም፤ ግን አንድ ጫማ ለማውጣት እማራለሁ። እርግጠኛ ነህ ወይ ብዬ ማንንም አልጠይቅም። ውሸታሙንም ቢሆን። ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል ገባሁልህ።

እጄን ዘርግቻለሁ ጋሽ ሸዋአለም። አትቸኩል፣ እንጠብቅሃለን።

እሺ። ተቀበልኩ። አያችሁት? ስለቱን ወደ ራሱ አድርጎ እጀታውን ነው የሰጠኝ።

በሉ ብርጭቆ አንሱ። ቢራ የያዛችሁ በቢራችሁ፣ እኛ ጴንጤዎቹ በለስላሳችን። ጂንካ በጭቃዋ ተቀብላ በክብር ለምትሸኘው ሰውዬ። ለኩላሊቱ ምሕረት፣ ለቀሪ ዘመኑ ዕረፍት፣ ለእጁ ሌላ ሥራ። ውሃው ለወሰዳቸው፣ ሄደውም ላልተመለሱት። ገና በመንገድ ላይ ላለው ለዚያ ሰው፤ ካለ።

ለጤናችን።

የአብሥራ፣ ነይ፤ አባትሽን ውሰጂው። ቢላዋው እኔ ጋ ነው።