ቀዳዳ የሌለው ለምድ

በ1974 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም ሊያበቃ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ስወርድ የበልግ ዝናብ ያዘኝና ካባ ሰፊው አቶ አጽብሐ ሱቅ ገብቼ ተጠለልሁ። አቶ አጽብሐን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ከፋይም ሆነ የነብር ቆዳ እጃቸው ከገባ፣ ስፌቱ የት እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በዚያ መንገድ የነብር ቆዳ የሚሸጡ ሱቆች ሁሉ የሚያሰፉት እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ሙያውን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረምና።

በዚያን ሰዓት የአንድ ወጣት ትከሻ ይለኩ ነበር። ወጣቱ አባይነህ ይባላል። አራት ኪሎ ሥነ ሕይወት ተምሮ መምህር የሆነ፣ ከፋሲካ በኋላ የአቶ አጽብሐን አንድ ልጅ ጽጌማርያምን ሊያገባ የተዘጋጀ ሰው ነው።

«እንኳን መጣህ፤ ፍረድ» አሉኝ ሽማግሌው። «ይህ መምህር በሠርጉ ቀን የነብር ለምድ አልለብስም ይለኛል። ለስንቱ ሙሽራ ስሰፋ ኖሬ የራሴን ልጅ ያለ ለምድ ልዳር?»

«በከፋይ ካባ ይሁንልኝ ነው ያልሁት አባባ» አለ አባይነህ። «ጥልፉን እርስዎ ከጠለፉት ከዚያ የሚበልጥ ክብር አልፈልግም።»

«ከፋይማ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ልጅም ሰፍቻለሁ። ወይስ ጓድ መምህር፣ ለምድ የፊውዳል ነው ተባለ?»

«የፊውዳል ቢሆን ምን ቸገረኝ? የነብር መሆኑ ነው እንጂ። ነብሩ እያለቀ ነው። ሕጉም ከልክሏል።»

«ሕጉን ተወውና ምክንያቱን ንገረኝ። ነብር መቼ አልቆ ያውቃል? ዱሩ ሙሉ ነው።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ፤ ድሮ ለአንድ ለምድ ስንት ቆዳ ይበቃዎት ነበር?»

«አንድ። ደህና ወንድ ነብር ከሆነማ ይተርፋል።»

«ዛሬስ?»

አቶ አጽብሐ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉ። «ዛሬ ሁለት እየገጠምሁ ነው። ትንንሹን ያመጡልኛል። አዳኙ ሰነፈ።»

«አዳኙ አልሰነፈም አባባ። ትልልቁ ስላለቀ ነው ያላደገውን የሚያመጣልዎት።»

አባይነህም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ።

«ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ህንዳዊ መምህር ነበረን። የአገሩ ነብር ከእኛው ይገዝፋል፤ በነጥብ ፈንታ ጥቁር መስመር አለው። አያቱ በልጅነታቸው ጩኸቱን እየሰሙ ይተኙ ነበር። መኳንንቱ ዝሆን ላይ ተቀምጠው ለጨዋታ ገደሉት፤ ቆዳው ምንጣፍ ሆነ፤ ጫካው ለእርሻ ተመነጠረ። በኋላ ቢቆጥሩት ያን በሚያህል አገር የቀረው ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ደንግጠው ጫካ ከለሉለት፣ ጠባቂም አቆሙለት።»

«ታዲያ ዳነ?»

«በተከለለለት ቦታ መጨመር ጀምሯል ይላሉ። ፈጽሞ ከጠፋበት ቦታ ግን አልተመለሰም።»

«ያሳዝናል» አሉ አቶ አጽብሐ። «ግን እኔ ጠብመንጃ ይዤ አላውቅም። የሞተ ይመጣልኛል፣ እሰፋለሁ። እኔ ባልሰፋው ከሞት ይነሣል?»

ይህን መከራከሪያ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ በእጁ ክፉ ያልሠራ ሰው የተደገፈበት ግድግዳ ነውና በቀላሉ አይፈርስም።

በዚህ መካከል ወርቅአፈራሁ የሚባል የከሰም ቆላ ገበሬ፣ ዝናብ ያራሰውን ጆንያ ተሸክሞ ገባ። ለሽማግሌው ቆዳ የሚያመጣላቸው እሱ ነው።

«ጋሽ አጽብሐ፣ ለሙሽራው ያሉኝን ይዤ መጣሁ» ብሎ አንድ የነብር ቆዳ ባንኮኒው ላይ ዘረጋ።

ሽማግሌው አንሥተው በበሩ ብርሃን አዩት። «አንዲት ቀዳዳ የለውም። ጥይቱ በየት ገባ?»

«ማን ይተኩሳል ጋሼ? ቀዳዳ ያለው አልቀበልም ካሉን ወዲህ ጠብመንጃውን ሰቅለነዋል። ፍየል አርደን መርዝ እናደርግበታለን። ቀበሮውም አሞራውም በልቶ ይሞታል፤ ግን የነብሩ ቆዳ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል።» እጁን ወደ ጆንያው ሰደደና ሁለት ትንንሽ ቆዳዎች አወጣ። «እነዚህ ደቦሎቿ ናቸው። አብረዋት በሉ። ለአንገትጌ ይሆናሉ ብዬ ነው፤ ምራቂ ይሁኑልዎ።»

አቶ አጽብሐ መዳፋቸውን አንደኛው ላይ አሳረፉ። እጃቸው ጀርባውን ከሞላ ጎደል ሸፈነው። አባይነህ በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ቢናገር ክርክሩን በረታ ነበር፤ አልተናገረም። ስለዚህም አከበርሁት።

«ቀዳዳ ያለው አልቀበልም ያልሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ለስፌቱ ብዬ ነበር።» ቆዳዎቹን ራሳቸው አጣጥፈው ወደ ጆንያው መለሱ። «ውሰድ። ከእንግዲህ የነብር ቆዳ አልነካም። ለአገርህ ሰዎችም ንገር።»

«ሌላው ሱቅ ይገዛኛል እኮ ጋሼ።»

«ይግዛህ። ማን ይሰፋለታል?»

ሠርጉ በከፋይ ካባ ሆነ። አንዳንዱ እንግዳ የሙሽራዋ አባት ቆጠቡ ብሎ አማ፤ አቶ አጽብሐም በየጠረጴዛው እየዞሩ ምክንያቱን አስረዱ። ያልገባው ነበረ፤ የገባውም ነበረ። ሱቆቹ ግን የሚሰፋላቸው ሲያጡ የነብር ቆዳ መግዛቱን አንድ በአንድ ተዉት።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ ወርቅአፈራሁ ባዶ እጁን ወደ ሱቁ መጣ። አባይነህና እኔም እዚያው ነበርን።

«ዝንጀሮ ማሽላውን ፈጀው» አለ ሳይቀመጥ። «ቀንም ሌሊትም ብንጠብቅ አልቻልነውም። ለካ ስትጠብቅልን የኖረችው ነብሯ ነበረች። መምህር፣ ነብር ተመልሶ ይመጣል?»

«ከከሰም ገደል ማዶ የተረፈ ካለና መርዙን ከተዋችሁት ሊመጣ ይችላል» አለ አባይነህ። «ልጆችህ ያዩት ይሆናል።»

«እኔስ?»

አባይነህ በርጩማ አቀረበለት።

ነብር ያለበት አገር ዝንጀሮውና ከርከሮው ልክ ያውቃል፤ ማሳው ይተርፋል፤ ገበሬውም እንቅልፍ ያገኛል። ይህን ጥቅም ገበሬዎቹ ሳያጡት አውቀውት ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለ ነበር።

«ቢመጣ ግን ፍየልህን ይበላል» አሉት አቶ አጽብሐ።

ወርቅአፈራሁ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ይብላ» አለ።