በልቻለሁ ያልኩ ዕለት

በዚያ በክፉው ዘመን ከስደተኞች መጠለያው ወጥቼ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ስገባ፣ ቀድሞኝ የመጣው የአጎቴ ልጅ ተሰማ «ከተማዋን ላስጎብኝህ» አለኝ። በባዶ ሆዴ የማሽላ ጎተራውን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ የሰሊጥ ገበያውን ሲያዞረኝ ዋለና ልክ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ሰፈር አደረሰኝ። ለካ ረመዳን ነው! ሰዎቹ መንገድ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ዓሲዳ የሚሉትን ገንፎ በትሪ ደርድረው፣ አላፊ አግዳሚውን እየጎተቱ ያስቀምጣሉ። አንድ ሽማግሌ እኔንም እጄን ያዙኝ። የጎንደር ይሉኝታዬ መች ይተወኛል፤ በለቃቀምኳት አረብኛ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁ!» አልኳቸው።

ምንጣፉ ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ተሰማ ደንግጦ «ሐጂ፣ ውሸቱን ነው! ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰም!» አላቸው።

ሽማግሌው ሳቁ፤ ወዲያው የማፍጠሪያው አዛን ሲጮኽ ትሪውን ወደኔ ገፉት። «እንግዲያ ጾሙን ቀድሞን የያዘው እሱ ነው፤ እሱ ያስጀምረን!»

እጄን ስሰድ የተሰማ እጅ ገንፎው ውስጥ ቀድሞኝ ነበር።