ለአንድ ቀን መርሴዲስ

የሰው ወሬ ማድመጥ ነውር ነው፤ ሆኖም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣትና አንድ አዛውንት ከፊቴ ተቀምጠው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ለሰርጌ መኪና ልከራይ ነው፣ አባቴ። የቢኤም ደብሊውዋ ኪራይ ቀለል ይል ነበር፤ የልጅቷ አባት ግን መርሴዲስ ካልሆነ አሉ።»

«በምን በለጠቻት?»

«ስትሸጥ ዋጋዋ አይወርድም ብለው ነው።»

«ልትሸጣት ነው እንዴ?»

«ኧረ የሰው ናት። ማታውኑ እመልሳታለሁ።»

«ሰውየው ልጅ እየዳሩ ነው ወይስ መኪና እየገዙ? ኪራዩንስ ከየት አመጣኸው?»

«ሁለቱን በሬዎቼን ሸጥሁ።»

«ታዲያ በምን ልታርስ ነው?»

«እሱን እሳቸው አልጠየቁኝም።»

ልጄን ለማግባት ሽማግሌ የላከውን ሌላ ወጣት በምን መኪና እንደሚመጣ የጠየቅሁት ትናንት ነበርና፣ ቡሬ እስክንደርስ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ።