በስካርቪክ ማረፊያ ስለተቆረጠው ጋቢና

የምስክር ስም፦ ቶርላይፍ ሄግስታድ
ዕድሜ፦ 72 (ምስክሩ 50 ብሎ ነበር፤ ከመታወቂያው ታይቶ ተስተካክሏል)
አድራሻ፦ ሰሜን ኖርዌይ፣ ስካርቪክ፣ ከወደቡ በላይ
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ክረምት ክረምት የአውሮፕላን ማረፊያው በረዶ ጠራጊ ሾፌር
ቀን፦ ቅዳሜ ጃንዋሪ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.
ቃል ተቀባይ፦ መርማሪ ራንቪ ዮርስታድ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ወንበሩ ከመቆርቆሩ በቀር ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ በሦስት መኪና መንደርደሪያውን ጠርገን እየወጣን ነበር። ከፊት መሪያችን ሃልቮር፣ መካከል እኔ፣ ከኋላ ሲግቫርት ነበርን። ነፋሱ በረዶውን እያነሳ ስለሚበትነው ከፊቴ ካለው መኪና የኋላ መብራት በቀር የሚታየኝ አልነበረም። የመቆጣጠሪያ ማማውን የሚያነጋግረው መሪው ብቻ ነው፤ እኛ እንሰማለን እንጂ አንናገርም። እርስ በርስ የምንነጋገርበት ሬዲዮ ሌላ ነው፤ እሱ አይቀረጽም።

በዚሁ በማይቀረጸው ሬዲዮ ሲግቫርት ብሩሹ በበረዶ ስለተያዘበት አውሮፕላኖች በሚያልፉበት መንገድ ላይ መቆሙን ተናገረ። እኔም እንደ ልማዴ ሚስቱን እንዲጠራት፣ ከእሱ ይልቅ እሷ ብርቱ ክንድ እንዳላት ነገርኩት። ሃልቮር ግን "እሺ፣ ቶሎ በል" አለው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ የሚደክመው ባለቤቴ ስትጠራኝ ብቻ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሃልቮር ለማማው ሁላችንም መውጣታችንን ሲያሳውቅ ሰማሁ። ሲግቫርት ግን አልወጣም። ደጋግሜ ሃልቮርን ጠራሁት፤ ከመኪናው ወርዶ ወደ ማረፊያ ክፍላችን ገብቶ ኖሯል፣ አልመለሰም። ማማው ተሳፋሪ ጭኖ ይጠብቅ የነበረው አውሮፕላን እንዲንቀሳቀስ ፈቀደ። መኪናዬን አዙሬ መብራት እያበራሁና እያጠፋሁ ተመለስኩ፤ አልደረስኩም።

አውሮፕላኑ ከበረዶው ውስጥ ድንገት ብቅ ሲል ሲግቫርት ብሩሹን አላቆ ገና ጋቢናው ውስጥ ገብቶ መኪናውን ማንቀሳቀሱ ነበር። የቀኝ ሞተሩ ውልብልቢት ጋቢናውን ከጣሪያው እስከ በሩ ከተፈው። ከውልብልቢቱ ስለቶች አንዱ ተነቅሎ የአውሮፕላኑን ጎን በስቶ ገባ፤ በኋላ ጭኗ የተቀደደ ሴት ተሸክመው ሲያወርዱ አይቻለሁ። ነዳጅ በረዶው ላይ ይፈስ ነበር። ሲግቫርት መቀመጫው ላይ እንዳለ ነበር፤ ቀኝ ክንዱ ግን ከክርኑ በላይ ተቆርጧል። ክንዱ ጓንቱን እንዳጠለቀ መሬት ላይ ወድቋል። በቀበቶዬ ጠፍሬ ደሙን አቆምኩት፤ አምቡላንሱ ሲደርስ ሱሪዬ ጉልበቴ ላይ ነበር። ሲግቫርት፣ በክፍላችን ሁሉም እንደሚጠሩኝ፣ "አያት፣ ለሃልቮር ነግሬው ነበር አይደል?" አለኝ። "ነግረኸዋል፣ ልጄ" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ በማረፊያ ክፍላችን ሃልቮር ብቻዬን አገኘኝና ሲግቫርት ምንም እንዳልተናገረ እንድመሰክር ጠየቀኝ። እምቢ አልኩ። አንገቴን አንቆ ከብረት ቁም ሣጥኑ ጋር ደጋግሞ አላተመኝ። ሁለት ጥርሶቼ ረገፉ፤ አንዱ የራሴ ነበር። እኔም ፔርሙዜን አንስቼ ግንባሩን መታሁት። እዚያ ያለው ስፌት የእኔ ሥራ ነው፤ አልክድም።

ሃልቮር ለፖሊስ የሰጠው ቃል፣ ሲግቫርት ሳያሳውቅ ወደኋላ እንደቀረ የሚል መሆኑን ሰምቻለሁ። እሱ ከታመነ ክንዱን ያጣው ሰው ደግሞ ተከሳሽ ሊሆን ነው። ስለዚህ የሚከተለው እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

በእኛ ክፍል ሕግ አለ። ያጠፋ ሰው ዓርብ ዕለት ኬክ ያመጣል። በሌላው ጥፋት ማንም ኬክ አያመጣም። ኬኩ ተቆርጦ ከተበላ ነገሩ አለቀ፣ ዳግመኛ አይነሳም። እኔ ራሴ መስታወት በመስበር ብቻ ስንቱን አብልቻለሁ።

ትናንት ዓርብ ሲግቫርትን ልጠይቅ ሆስፒታል ተቀምጬ ሳለ ሃልቮር ግንባሩ እንደታሸገ የለውዝ ኬክ ከነቢላው ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አንዳችንንም ሳያይ ወጣ። ሲግቫርት በግራ እጁ ቢላውን አነሳ፤ ብዙ ቆይቶ መልሶ አስቀመጠው። "አያት፣ አይቆረጥም። ለመርማሪዋ ውሰድላት" አለኝ።

ኬኩን ከዚህ ቃል ጋር አስረክቤያለሁ። የለውዝ ኬክ እንዴት እንደምወድ አገር ያውቃል፤ ጫፉን እንኳ አልነካሁም።

የሰጠሁት ቃል ተነብቦልኝ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዕድሜዬ በቀር የዋሸሁት ነገር የለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ቶርላይፍ ሄግስታድ
የመርማሪዋ ፊርማ፦ ራንቪ ዮርስታድ (አንድ ኬክ፣ ሳይቆረጥ ተረክቤያለሁ)