የደበቅኸኝ ጆሮ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የተከበራችሁ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦቼ፤ ከሁሉ በፊት አንቺ፣ ባለቤቱ እህቴ፤ እግዜር ያጽናሽ።

ዛሬ የቆምኩት ላመሰግነው ብቻ አይደለም። ተቆጥቻለሁ። ወንድሜ፣ ከድተኸኛል!

እኔና እሱ በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር የሰው ጆሮ ስንከፍት ኖረናል። ሕግ ነበረው። ከቀዶ ጥገና በፊት የሕመምተኛውን ስካን እኔ ለብቻዬ አያለሁ፣ እሱ ለብቻው ያያል፤ ከዚያ እናመሳክራለን። አንድ ባልደረባችን፣ ይኸው እዚህ ቆሟል፣ ቸኩሎ «ያው እንደ ሁሉም ጆሮ ነው» ቢለው፣ ወንድሜ ጓንቱን አወለቀ። «የማን ጆሮ ነው እንደ ሁሉም? የአንዱ ነርቭ መንገድ ይስታል። የሌላው የውስጥ ጆሮ ቀንድ አውጣ ጥምዝዙ ሳያልቅ ይቀራል። ሳታይ እንዳትነካ!» ሐኪሞች፣ በእናንተስ ላይ ስንቴ ጮኸ?

ታዲያ አንተስ? አንተስ ምነው ሳታይ?

ግራ ጆሮው መስማት እያቆመ ነበር። ነርሷ በግራ በኩል ጠርታው ዝም ሲላት፣ «ዛሬም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ!» እያልን እንስቃለን። እሱም አብሮን ይስቃል። ያ ሳቅ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለአንቺ ግን ነግሮሻል፣ እህቴ። «እሷ ከሰማች ቢላዬን ትቀማኛለች» ብሎ አስምሎሻል። አንቺን አልወቅስሽም። ስካን ቢነሳ እኔ ዘንድ ይደርሳላ! ስለዚህ ሳይነሳ ሌላ ከተማ ሄደ። እዚያ ያለው ሐኪም ስካኑን ቢጠይቀው፣ «የራሴን ጆሮ የማላውቅ መሰለህ? የመሃል ጆሮዬ እርካብ አጥንት ደርቃ ነው፤ ክፈት» አለው። ሐኪሙ ዝናውን ሰምቷል፤ እምቢ ለማለት አፈረ። ሐኪሙ ኋላ ይህን በስልክ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር።

ሲከፍተው የአንጎል ፈሳሽ ገነፈለ። ከዚያ ማጅራት ገትር ያዘው። ስካን የተነሳውም፣ እኔም ያየሁት፣ እሱ ራሱን ከሳተ በኋላ ነው። ቀንድ አውጣው ጥምዝዙ አላለቀም፤ በእሱና በአንጎል ፈሳሽ መሃል ያለው ግድግዳ ክፍት ነው። ለማየት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ወንድሜ፣ አንድ ደቂቃ!

ቢላዬን ትቀማኛለች አልክ። አዎ፣ እቀማህ ነበር። ትሰድበኝ ነበር። በሩን ደርግመህ ትወጣ ነበር። ተኳርፈን፣ በመተላለፊያው ላይ ፊት እየተነሳሳን እናረጅ ነበር። ያንን እርጅና ነው የነጠቅኸኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ እንድል የምትጠብቁኝ አላችሁ። ገና ነኝ። ደህና ሁን፣ ወንድሜ፤ ብዙ የምጣላህ ነገር ነበረኝ።