የወንድ ዓሣ እንቁላል

ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ሰነበተና አንድ ረፋድ ወደ ሰፈራችን መድኃኒት ቤት ጎራ አልኩ። ባለመድኃኒቱ ሽማግሌ ነጭ ጋዋናቸውን ለብሰው፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ኪኒኖች ከየማሸጊያው እየፈለፈሉ እጅ መታጠቢያው ውስጥ ይጨምራሉ፤ ቧንቧውንም ለቀውበታል። የወር መጨረሻ ሥራቸው ነው፤ በኩራት ነው የሚሠሩት።

ሰላምታችንን ሳንጨርስ የእህታቸው ልጅ በሩን በርግዳ ገባች። በውሃ ላቦራቶሪ የምትሠራ ወጣት ናት።

«አጎቴ፣ እባክዎ እጅዎን ይሰብስቡ። አገኘሁት።»

«ባል ከሆነ ቁጭ ብለሽ ንገሪኝ።»

«የእማዬን ዓሦች ችግር ነው ያገኘሁት። ዛሬ ወንዱን ዓሣ ስከፍተው ሆዱ ውስጥ እንቁላል አለ።»

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ቢሆንም ወንድ እንቁላል እንደማይይዝ አውቃለሁና ጉሮሮዬን ረሳሁት። እናቷ ከመድኃኒት ቤቱ ግርጌ ባለው ኩሬ ዓሣ ያረባሉ። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ የዓሣ ጫጩት ስላልታየበት፣ ሰኞ ኩሬውን በአፈር አስደፍነው ቦታውን ሊሸጡት ቆርጠዋል።

«ታዲያ የእኔ እጅ ምን አደረገ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከዚህ የሚወርደው ውሃ በቦዩ አድርጎ ኩሬው ውስጥ ነው የሚገባው። መረመርነው፤ የወሊድ መከላከያ ኪኒን ሆርሞን ተገኘበት። ወንዱን ወደ ሴትነት የሚጎትተው እሱ ነው።»

«ስሚኝ ልጄ። ድሮ መድኃኒት ቆሻሻ ላይ እጥል ነበር። አንድ ሕፃን ለቅሞ ዋጠውና እጄ ላይ ሊሞት ሲል ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳያገኘው በውሃ አሟሟዋለሁ። ይኼ ጥፋት ነው?»

አሳዘኑኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ክርክሩ በቀለለ ነበር። እኔም የተረፈኝን ሽሮፕ ሽንት ቤት የማፈስ ሰው ነኝና ዓይኔን ወደ ወለሉ ጣልኩ።

«ሐሳብዎ ቅን ነው» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፤ «ግን ውሃው ይዞት ሄደ እንጂ አላጠፋውም።»

«ኩሬ ሙሉ ውሃ ውስጥ እፍኝ ኪኒን ምን ያመጣል?»

«አንዷ ኪኒን ውስጥ ያለው ሆርሞን ስንት ነው?»

አመነቱ። «ሠላሳ ማይክሮግራም ገደማ።»

«በዓይን ይታያል?»

«የት ይታያል!»

«ያቺው ግን ሙሉ ሴት እንዳታረግዝ ታደርጋለች። ዓሣው ደግሞ ሌት ተቀን ይዋኝበታል። አንቲባዮቲኩም እንደዚያው ነው። ጀርሞች በጥቂት በጥቂቱ እየቀመሱ ይለምዱታል፤ ነገ ለታመመ ሰው ቢሰጡት አይሠራም።»

«በማጣሪያ ቢያልፍስ?»

«ማጣሪያው የተሠራው ለጭቃና ለጀርም ነው። የሟሟ መድኃኒት ብዙው ያመልጠዋል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ዕድሜ ልካቸውን በጠብታ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸውና የጥቂትን ኃይል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቧንቧውን ዘጉ።

«ታዲያ ምን ላድርገው? ልዋጠው?»

«የሚቆለፍ ሣጥን እዚህ ያስቀምጡ። የሰፈሩ ሰውም የተረፈውን ያምጣ። ሆስፒታሉ በከፍተኛ ሙቀት የሚያቃጥል ምድጃ አለው፤ እኔ ራሴ አደርሳለሁ።»

ስልካቸውን አነሱ። «እህቴ፣ ሰኞ አፈር እንዳታስመጪ። ዓሦችሽን ያመከንኳቸው እኔ ነኝ።» እህታቸው ያሉትን አልሰማሁም፤ ስልኩን ግን ለረጅም ጊዜ ከጆሯቸው አርቀው ያዙት። «ልክ ነሽ» አሉ በመጨረሻ፤ «ልክ ነሽ።»

አንባቢ ሆይ፣ በየቤታችን የተረሳ ኪኒን የሞላበት መሳቢያ አለ። ለሣጥኑ ብንሰጠው ሕፃን አያገኘውም፣ ዓሣ አይጠጣውም፣ ነገ ለታመመ ሰው የሚሰጠው መድኃኒትም ኃይሉን አያጣም። የእኛ ሰፈር ይህን ለመደ። ቦዩ አቅጣጫው ተቀየረ፤ ኩሬውም ተመጥጦ፣ ደለሉ ተጠርጎ በንጹሕ ውሃ ተሞላ፤ አዳዲስ ዓሦችም ገቡበት።

በሁለተኛው ዓመት እህትየው ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት እንደረጠበ መድኃኒት ቤቱ መጥተው ወንድማቸውን በእጅጌያቸው ጎትተው ወሰዷቸው። እኔና ልጅቱም ተከተልን። ሽማግሌው በነጭ ጋዋናቸው ጭቃው ላይ ተንበርክከው ውሃው ላይ አቀርቅረዋል።

«ጫጩት አለ አጎቴ?» አለች ልጅቱ።

«ዝም በይ እስቲ፤ ከመቶ በላይ ደርሼ አሳሳትሽኝ» አሉና እንደገና ከአንድ ጀመሩ።